ሩሯ ለምታመልጠው ልጅ

የገና በዓል ታኅሣሥ 29 ነው፣ እኛ ደሴ ግን ልጆቹ ወሩ ሲገባ ነው ለገና ጨዋታ ቆልማማ ዱላ ፍለጋ የሚወጡት። የእህቴ ልጅ ባለፈው ሳምንት እንባው እየወረደ መጣ። «አጎቴ፣ ከቡድን አስወጡኝ።» ምን አድርገህ? «ሩሯን እስታለሁ።» በዱላ የምትመታዋን ኳስ ማለቱ ነው። ሜዳ ወስጄ አየሁት። ያየሁትን ልንገራችሁ፣ የእናንተም ልጅ ላይ አይጠፋም።

ዱላው ሩሯን ሳይነካ የሚያልፍ ከሆነ እጁን ተዉትና ዓይኑን እዩ። የኛው ገና ሳይመታት ወዴት እንደምትሄድ ለማየት ቀና ይላል። ጭንቅላት ቀና ሲል ትከሻም አብሮ ይነሳል፣ ከዚያ ቆልማማው ከሩሯ በላይ አየር ይቀዝፋል። «ዓይንህን አትንቀል» ማለት ዋጋ የለውም፣ እኔ ብዬ ብዬ ደክሞኛል። የሠራው ቆርኪ ነው። ልጁ ሳያይ አንዴ ቀይ፣ አንዴ ቢጫ ቆርኪ ከሩሯ ሥር አድርጉ። እንደመታ «ቀለሙ ምን ነበር?» በሉት። በሦስተኛው ቀን ቀለሙን መሳት አቆመ፣ ሩሯንም።

አቧራ ብቻ የሚያስነሳ ከሆነ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የዱላው ነው። የታላቅ ወንድሙን ይዞ መጥቶ ይሆናል። መሬት ላይ ሲያቆመው ከወገቡ ካለፈ ረዝሞበታል፣ ቁረጡለት። በእጀታው በኩል ነው ታዲያ! በቆልማማው በኩል የቆረጠ ጎረቤት አለኝ።

መታ፣ ግን ሩሯ ሦስት እርምጃ ሄዳ ቆመች? በክንዱ ብቻ እየመታ ነው። ጉልበት ከእግር ተነስቶ በዳሌ በትከሻ አልፎ ነው መጨረሻ እጅ ላይ የሚደርሰው። ቤዝቦል የሚጫወቱ ልጆችም የሚማሩት ይሄንኑ ነው፣ ለእነሱ ኳሷ በአየር መምጣቷ ነው ልዩነቱ። ያለ ሩር ይለማመድ፦ እግሩን በትከሻው ልክ ከፍቶ፣ ክብደቱን ቀኝ እግሩ ላይ ጥሎ ይጀምርና ሲመታ ወደ ግራው ያሸጋግረው። ሲጨርስ እምብርቱ ወደ ዒላማው ዞሮ የቀኝ ተረከዙ ከመሬት መነሳት አለበት። ተረከዙ ከተለጠፈ ዳሌው አልዞረም። ግራኝ ከሆነ ሁሉንም ገልብጡት። ደከመኝ ሲል አቁሙ፣ የደከመ ልጅ ተመልሶ በክንዱ ነው የሚመታው።

ወደ ግራ ከሄደችበት ቸኩሏል፣ ወደ ቀኝ ከሆነ ዘግይቷል። ሩሯን በግራ ተረከዙ ትይዩ ያድርጋት። ደሴ ውስጥ ደግሞ ደልዳላ ሜዳ ማግኘት ከባድ ነው፣ ቁልቁል ከተንከባለለች ልጁን ሳይሆን የጦሳን ተራራ ውቀሱ።

መዳፉን ካመመው ጅማቱ እስኪገተር ጨብጦ ነው። ግራ እጁ እጀታው ጫፍ ላይ፣ ቀኙ ከሥሩ፣ ላላ አድርጎ ይያዝ። በጠዋት ውርጭ ከሆነ መጀመሪያ እጁን ያሟሙቅ።

አንድ ነገር፦ ሲለማመድ ከኋላው ሰው አይቁም። ቅልጥሙን ለተመታ ልጅ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ብትሉት አይስቅላችሁም።

ትናንት ቡድኑ መለሰው። ሲመታ ጭራሽ ቀና አላለም። ሩሯ ወዴት እንደሄደች ጠፍቶት ዞሮ እኔን ጠየቀኝ።