ስለ መንገዱና ስለ ግድቡ ስትከራከሩ፣ መጀመሪያ ብሩ ከየት እንደወጣ እወቁ

ስለ አንድ ፕሮጀክት ወሬ ሲነሳ ክርክሩ ወዲያው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ «ልማት ነው፣ ዝም በል» ይላል። ሌላው «ሕዝብ ተርቦ ፏፏቴ ምን ያደርጋል» ብሎ ይመልሳል። ከዚያ በኋላ ስድብ ነው። ብሩን ማን ፈቀደው፣ ነገስ ማን ይከፍለዋል የሚለው ሳይነሳ ይቀራል። እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው፤ ደጋፊም ሆነ ተቃዋሚ ግብሩን እኩል ይከፍላል።

ስለዚህ ከመከራከራችሁ በፊት አንድ ነገር አጣሩ፦ ገንዘቡ ከየትኛው ኪስ ነው የወጣው?

በፌዴራሉ በጀት ጀምሩ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር፣ የሰኔ ወር ዜና እንዳያመልጣችሁ። ረቂቁ ምክር ቤት ቀርቦ የሚጸድቀው ያኔ ነው፤ አዋጁም በነጋሪት ጋዜጣ ይወጣል። ጠቅላላ ድምሩን ሰምታችሁ ብቻ አትለፉ። ለምሳሌ የ2017 በጀት 971.2 ቢሊዮን ብር ነበር። ከዚህ ውስጥ 451 ቢሊዮን ገደማው መደበኛ ወጪ ነው፤ ደመወዝና የዕዳ ክፍያ እዚህ ውስጥ ናቸው። ለካፒታል፣ ማለትም ለግንባታና ለመሳሰለው፣ የተያዘው 283 ቢሊዮን አካባቢ ሲሆን፣ ለክልሎች ድጎማ ደግሞ ከ222 ቢሊዮን በላይ ተመድቧል። መንገዱንና መስኖውን የምትፈልጉት ካፒታሉ ውስጥ ነው። «መንግሥት አንድ ትሪሊዮን ብር ለሕንጻ አጠፋ» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ ይህን ክፍፍል አሳዩት፤ ክርክሩ ወዲያው መልክ ይይዛል።

ሰኔ ላይ የጸደቀው ግን የመጨረሻው አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ ይህን ተከትሎ ኅዳር 2017 ላይ ምክር ቤቱ 582 ቢሊዮን ብር ገደማ ተጨማሪ በጀት አጸደቀ። ከዋናው በጀት ግማሽ በላይ ማለት ነው! ተጨማሪ በጀት ሲመጣ ብዙ ሰው አያየውም። እናንተ እዩት።

ሁለተኛው ኪስ የክልልና የከተማ ነው። የአዲስ አበባን ኮሪደር ልማት የፌዴራል ሰነድ ውስጥ እየፈለጋችሁ ጊዜ አታባክኑ፤ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የከተማው ምክር ቤት ነው። ለ2018 ያጸደቀው በጀት 350 ቢሊዮን ብር ገደማ ነው፣ ከብዙ ክልሎች በጀት የሚበልጥ። እዚህ ላይ «መንገዱ አምሯል ወይስ አላማረም» ብላችሁ አትጀምሩ። ለግንባታው ስንት ተያዘ፣ ቤታቸው ለፈረሰባቸው ሰዎች ካሳና ምትክ ስንት ተያዘ ብላችሁ ጠይቁ። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ከሺህ ፎቶ በላይ ይናገራል።

ሦስተኛው ኪስ ከሁሉም የከበደው ነው፣ ጥቂት ሰው ብቻ ነው ልብ የሚለው። የመንግሥት የልማት ድርጅቶች ብድር ነው። ሕዳሴ ግድብ መጋቢት 24 ቀን 2003 ሲጀመር ወጪው 80 ቢሊዮን ብር ነው ተባለ። ሕዝቡ ከደመወዙ ቦንድ ገዛ፣ በስጦታም አዋጣ። ትልቁን ድርሻ የሸፈነው ግን የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል፤ ኩራቱ የሁላችንም ነው፣ እኔም እኮራበታለሁ። ስኳር ፋብሪካውም፣ ባቡሩም፣ ኃይል ማመንጫውም በዚሁ በብድር መንገድ ነው የሄዱት። ድርጅቶቹ መክፈል ሲያቅታቸው መንግሥት ዕዳቸውን ተረክቦ ለባንኩ የ900 ቢሊዮን ብር ቦንድ አወጣ። ያ ዕዳ ትናንት የበጀት ሰንጠረዥ ላይ አልነበረም። ዛሬ የግብር ከፋዩ ነው። እና «ከበጀት አንድ ብር አልወጣም» ሲሏችሁ «እሺ፣ ማን ተበደረ? ዋስትናውስ የማን ነው?» በሉ።

ከነዚህ ሁሉ ውጭ የሚሠራም አለ። በአዲስ አበባ የካ ተራራ ላይ የሚገነባው፣ አዲስ ቤተ መንግሥትንም የሚያካትተው የጫካ ፕሮጀክት ጉዳይ ሲነሳ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከመንግሥት በጀት እንዳልተጠየቀበት ለምክር ቤቱ ተናግረዋል። ለኔ ይህ መልስ ጥያቄውን አይዘጋውም። በሕገ መንግሥቱ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ መሬቱ የሕዝብ ከሆነ በላዩ ላይ የሚሠራውም የተመራጮች ጉዳይ ነው።

ከኪሱ ቀጥሎ ስለ ጥገና ጠይቁ። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር መስከረም 2008 ሥራ ሲጀምር 475 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት ነበር፣ አብዛኛው የቻይና ብድር ነው። 41 ባቡሮች ተገዙ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አብዛኞቹ በመለዋወጫ እጥረት ቆሙ፣ ሰውም በየፌርማታው ተጋፍቶ ይጠብቃል። ያኔ «ይሠራ፣ አይሠራ» ተብሎ ብዙ ተወራ፤ መለዋወጫው በየዓመቱ በየትኛው የውጭ ምንዛሪ እንደሚገዛ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። አዲስ ነገር ሲመረቅ ይህን ጥያቄ ቀድማችሁ አንሱ።

ሰፈራችሁ ውስጥ የሚሠራ ነገር ካለ ደግሞ ታፔላውን ፎቶ አንሱት። አሠሪው፣ ተቋራጩ፣ አማካሪው፣ የውሉ ዋጋ፣ የሚጀመርበትና የሚያልቅበት ቀን እዚያ ላይ መጻፍ አለበት። ታፔላ ከሌለ ያው ራሱ ጥያቄ ነው። «80 በመቶ ተጠናቋል» ሲባል የሥራው ነው ወይስ የክፍያው በሉ። ክፍያው 80 ደርሶ ሥራው 50 ላይ ከቆመ የሆነ ችግር አለ። የዋጋ ማስተካከያ ተደርጎም ከሆነ ስንቴ እንደተደረገና ማን እንደፈቀደው ጠይቁ።

የፌዴራል ዋና ኦዲተር በየዓመቱ ለምክር ቤቱ የሚያቀርበውን ሪፖርትም አትዝለሉት። ደረቅ ነው፣ ግን ያልተወራረደ ሂሳብና የተጓተተ ፕሮጀክት በየመሥሪያ ቤቱ ስም ይወጣበታል። ለደጋፊም ለተቃዋሚም ከዚህ የተሻለ የመከራከሪያ ማስረጃ የለም።

በመጨረሻ በጽሑፍ ጠይቁ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል፤ አንቀጽ 29 ደግሞ የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘት ዕድልን ይጠብቃል። ደብዳቤው ግማሽ ገጽ ይበቃዋል። የፕሮጀክቱን ስም፣ የበጀት ዓመቱን፣ የምትፈልጉትን ሰነድ ጻፉ፤ ወቀሳ አትጨምሩበት። መዝገብ ቤት አስገብታችሁ ቅጂው ላይ ማህተምና ቀን አስመቱ። ብቻችሁን ከምትሄዱ የሰፈር ሰው ይዛችሁ ሂዱ፣ በተለይ ስለ ፕሮጀክቱ የተለየ አቋም ያለውን ጎረቤት፤ የሁለታችሁም ስም ያለበትን ደብዳቤ «የእገሌ ፖለቲካ ነው» ብሎ መመለስ ይከብዳል።