ከግቢ ሣር መሐል ያልተከሉት ሲበቅል፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

የአረም መድኃኒት ከመግዛትዎ በፊት ከበቀለው አረም አንዱን ከነሥሩ ቆፍረው ያውጡና ይመልከቱ። ብዙ ልፋት መና የሚቀረው የበቀለው ምን እንደሆነ ሳይለይ ስለሚነቀል ነው።

በታጨደ በሦስት በአራት ቀን ከሌላው ሣር በላይ ብቅ ይላል፤ ቅጠሉ ያብረቀርቃል

ግንዱን በጣትዎ መሐል ያንከባሉት። ሦስት ማዕዘን ሆኖ ከቆረቆረዎትና አንጓ ከሌለው የእንግጫ ወገን ነው። ከሥሩ እንደ ሽምብራ ያሉ ፍሬ መሰል እብጠቶች ይኖሩታል። ላዩን ሲጎትቱት ግንዱ ይበጠሳል፣ እብጠቱ አፈር ውስጥ ይቀራል፣ ከእሱም አዲስ ቡቃያ ይወጣል። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ውሃ በሚተኛበት ቦታ ነው፤ የቧንቧ ሥር፣ የጣሪያ ውሃ የሚወርድበት፣ ረባዳው ጥግ።

ስለዚህ መጀመሪያ ውሃው መውጫ ያግኝ። ቦታው ጠባብ ከሆነ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆፍረው አፈሩን በወንፊት ነፍተው እብጠቶቹን ይልቀሙ። ሰፊ ከሆነ ቡቃያው አምስት ስድስት ቅጠል ሳያወጣ፣ በየሁለት ሳምንቱ ሳያቋርጡ ይንቀሉ። እብጠቱ ስንቁን ቡቃያ በማውጣት ይጨርሳል። በአንድ ክረምት አይጠፋም። አንድ ወር ከተዘናጉ ግን አዳዲስ እብጠት ስለሚያበጅ ልፋቱ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል።

ጠንካራ ሐረግ መሬት ለመሬት እየሳበ የተከሉትን ሣር ይውጣል

ሰርዶ ነው። በመሬት ላይም ከመሬት በታችም ይሳባል፤ አንድ አንጓ ያላት ቁራጭ ከቀረች ሥር ትሰዳለች። በክረምት በዶማ መከታተፍ ማባዛት ማለት ነው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው በጋ፣ በመንሽ አፈሩን እያላሉ ሐረጉን ሳይቆርጡ ይሳቡ፣ ፀሐይ ላይ አድርቀው ያስወግዱ። ብስባሽ ጉድጓድ ውስጥ እርጥቡን አይጨምሩት።

በመድኃኒት ከሆነ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ለጤፍና ለስንዴ ማሳ የሚረጨው ቱ ፎር ዲ ሰፋፊ ቅጠል ያለውን አረም እንጂ ሣርን አይገድልም። ግላይፎሴት የሚባለው አረም ማጥፊያ ሰርዶን ይገድላል፤ ግን የነካውን አረንጓዴ ሁሉ፣ የተከሉትንም ሣር ጭምር ያደርቃል። ስለዚህ አይርጩት፤ ይቀቡት። ሰርዶው ሁለት ሳምንት ሳይታጨድ ይደግ። በሊትር 360 ግራም ግላይፎሴት ካለው መድኃኒት 20 ሚሊ ሊትር በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጥብጡ (የእቃው ጽሑፍ ሌላ መጠን ካዘዘ እሱን ይከተሉ)። ድፍርስ ውሃ አይሆንም፤ መድኃኒቱ ከጭቃው ጋር ተጣብቆ ኃይሉን ያጣል። ጓንት አድርገው ቅጠሉን በስፖንጅ ያርሱት። ቢያንስ ለ6 ሰዓት ዝናብ እንዳይነካው፣ እስኪደርቅም ልጆችና እንስሳት እንዳይረግጡት። መድኃኒቱ ወደ ሥር የሚወርደው ቀስ ብሎ ስለሆነ ለሁለት ሳምንት አይንቀሉት።

ክረምት ሲገባ ፈጥኖ የሚያድግ ለስላሳ ሣር በብዛት ይበቅላል

ሙጃ ወይም መሰሉ የአንድ ዓመት ሣር ነው፤ በቀላሉ ይነቀላል። ዘሩ ሳይበስል መንቀል ብቻ ነው የሚፈልገው። በየዓመቱ ከተመለሰ ምንጩ ያልበሰለ ፍግ ወይም ከሜዳ የመጣ አፈር ይሆናል።

ማገጥ (ሦስት ሦስት ቅጠል ያለው አረም) እዚህም እዚያም ተስፋፍቷል

አፈሩ ናይትሮጅን አንሶታል። በ100 ካሬ ሜትር 1 ኪሎ ዩሪያ በእኩል በትነው ወዲያው ያጠጡ፤ ካላጠጡት ሣሩን ያቃጥለዋል።

ሁሉም ተነቅሎ እንደገና ይመጣል

አጨዳዎን ይመልከቱ። ሣሩ እስከ መሬት ሲላጭ ፀሐይ አፈሩ ላይ ስለሚያርፍ የተኛው ዘር ሁሉ ይነቃል። ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ያስቀሩ፤ በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ሲሶውን ብቻ ይቁረጡ። የተነቀለበትን ባዶ ቦታ በሰኔ ከራሱ ከግቢው ጤናማ ሣር ቁራጭ ወስደው በ15 ሳንቲ ሜትር ርቀት ይትከሉበት። ከጎረቤት የተዋሱትን የሣር ማጨጃም ከመጠቀምዎ በፊት ምላጩን ይጠቡት፤ ሰርዶ ተጣብቆበት ሊመጣ ይችላል።