በድፍን ቁጥሮች መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛትና ማካፈል

ድፍን ቁጥሮች የሚባሉት መቁጠሪያ ቁጥሮች፣ የእነርሱ አሉታዊ ተቃራኒዎችና ዜሮ ናቸው፤ ክፍልፋይ አይገባባቸውም። ብዙ ተማሪ የምልክት ሕጎችን በቃሉ ይሸመድዳል፤ በእኔ እምነት ግን በድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ አንድ ቸርቻሪ ሊይዘው የሚችለውን የዱቤ መዝገብ አስቦ መነሣት ይሻላል። በመዝገቡ ላይ የደንበኛው ዕዳ በአሉታዊ ቁጥር፣ አስቀድሞ ያስያዘው ገንዘብ ደግሞ በአዎንታዊ ቁጥር ይጻፋል። አካሄዱ የቆየ ነው፤ ሕንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ብራህማጉፕታም እ.ኤ.አ. በ628 እነዚህን ሕጎች የጻፈው ሀብትና ዕዳ እያለ ነበር።

ሲደምሩ አስቀድመው ምልክቶቹን ይመልከቱ። ምልክቶቹ አንድ ዓይነት ከሆኑ መጠኖቹን (ማለትም ቁጥሮቹን ያለ ምልክታቸው) ደምረው ያንኑ ምልክት ይስጡ፤ በ50 ብር ዕዳ ላይ የ20 ብር ዕዳ ሲጨመር (−50) + (−20) = −70 ይሆናል። ከተለያዩ ግን ከትልቁ መጠን ትንሹን ቀንሰው የትልቁን ምልክት ይስጡ፤ 50 ብር ያለበት ደንበኛ 80 ብር ቢከፍል (−50) + 80 = 30 ስለሚሆን ትርፉ ለሚቀጥለው ግዢ ይያዝለታል።

ሲቀንሱ ተቀናሹን ወደ ተቃራኒው ለውጠው ይደምሩ። ቸርቻሪው ከ50 ብሩ ዕዳ 20ውን ቢሰርዝለት የተቀነሰው ዕዳ ነውና (−50) − (−20) = (−50) + 20 = −30 ይሆናል። አብዛኛው ስሕተት የሚፈጠረው እዚህ ነው፤ ከሁለቱ ምልክቶች አንዱ «ቀንስ» የሚል ትእዛዝ ሲሆን ሌላው የቁጥሩ የራሱ ምልክት ስለሆነ ቅንፉን መተው አይገባም።

ማባዛት ላይ ጥቂት እንቆይ። ደንበኛው በየቀኑ የ15 ብር ሽንኩርት በዱቤ ቢወስድ ከ4 ቀን በኋላ ሒሳቡ በ4 × (−15) = −60 ይለወጣል። ከ4 ቀን በፊትስ? ያን ጊዜ ሒሳቡ ከዛሬው በ60 ብር የተሻለ ነበር፤ ያለፉትን 4 ቀናት −4 ብለን ስንጽፍ ስለዚህ (−4) × (−15) = 60 ነው። ምሳሌው ያላረካው አንባቢ (−4) × (15 + (−15)) ዜሮ መሆኑን ያስተውል፤ ቅንፉ ሲበተን የመጀመሪያው ብዜት −60 ስለሆነ ድምሩ ዜሮ እንዲሆን ሁለተኛው 60 ከመሆን በቀር አማራጭ የለውም። ብዙ ቁጥሮች ሲባዙ አሉታዊዎቹን ይቁጠሩ፤ ዜሮ ከሌለበት፣ ብዛታቸው ተጋማሽ ከሆነ ውጤቱ አዎንታዊ፣ ካልሆነ አሉታዊ ነው። በነገራችን ላይ (−3)² 9 ሲሆን ያለ ቅንፍ የተጻፈው −3² ግን −9 ነው።

የማካፈል የምልክት ሕግ ከማባዛት አይለይም፤ በዜሮ ማካፈል ግን ትርጉም የለውም። ሌሎቹ ሦስት ስሌቶች ሁልጊዜ ድፍን ቁጥር ሲሰጡ ማካፈል ቀሪ ሊያስከትል ይችላል። −10 ለ7 ሲካፈል ድርሻው −2፣ ቀሪው 4 ነው ማለት ይቻላል፤ ድርሻው −1፣ ቀሪው −3 ነው ማለትም እንዲሁ፤ ሁለቱም ሲመሳከሩ −10ን ይመልሳሉ። በኮምፒውተር ቋንቋዎች ፓይተን (Python) የመጀመሪያውን፣ «ሲ» (C) የተባለው ቋንቋ ሁለተኛውን ይሰጣል። ለሳምንት ቀናት ስሌት የመጀመሪያው ይመቻል፦ ከሰኞ 10 ቀን ወደ ኋላ የነበረውን ዕለት ለማወቅ ቀሪውን 4 ወስደው ከሰኞ ወደ ፊት ቢቆጥሩ ዓርብ ላይ ይደርሳሉ።