አሜሪካ ያለ ዘመዳችሁ «ልወዳደር» ሲላችሁ

ጅማ ላላችሁ፦ ሚኒያፖሊስ ያለ ሙስሊም ዘመዳችሁ ለምርጫ ልወዳደር ብሎ ካማከራችሁ፣ መጀመሪያ ዜግነት ያገኘበትን ዓመት ጠይቁት። ለአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት 25 ዓመት ዕድሜና 7 ዓመት ዜግነት፣ ለሴኔት 30 እና 9 ያስፈልጋል። ሃይማኖቱ አያግደውም፤ ሕገ መንግሥቱ ለሥልጣን የሃይማኖት መመዘኛ ማውጣትን ይከለክላል።

ከታች ይጀምር። የሚኒያፖሊሷ ሙስሊም ፖለቲከኛ ኢልሃን ዑመር እ.ኤ.አ. በ2016 ለሚኒሶታ ግዛት ምክር ቤት፣ በ2018 ደግሞ ለአገሪቱ ተወካዮች ምክር ቤት ተመረጠች። ብዙዎች የሚወድቁት የፓርቲው ዕጩ የሚለይበትን ቅድመ ምርጫ ንቀው ነው፤ አንዱ ፓርቲ በሚያይልበት ቦታ የወንበሩ ጉዳይ የሚያልቀው እዚያ ነው። መራጩም ስለሚያንስ ጥቂት ድምፅ ውጤት ይገለብጣል። የመስጊዱ ጀመዓ ብቻውን አይበቃውም፤ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ትምህርት ቤት እያነሳ የጎረቤቱን ሁሉ በር ያንኳኳ።

ከቡናችሁ ሽያጭ የተረፈ ብር ቢኖርም አትላኩለት፦ ለምርጫ ዘመቻ የውጭ ዜጋ መዋጮ በሕግ ክልክል ነው፤ ተቀባዩም ይጠየቅበታል።