የአየር ኩለር ወይስ የውሃ? ለፕሮሰሰራችሁ የሚሆነውን እንዴት እንደምትመርጡ

ኩለር ፕሮሰሰሩን፣ ማለትም የኮምፒውተሩን ዋና ቺፕ፣ የሚያቀዘቅዝ ዕቃ ነው። መጀመሪያ ፕሮሰሰራችሁ ስንት ዋት እንደሚስብ እወቁ። ፊት ለፊት የሚታየውን ቁጥር ብቻ አይታችሁ አትወስኑ። የኢንቴል ኮር አይ9 14900ኬ መነሻው 125 ዋት ነው፤ ሥራ ሲበዛበት ግን 253 ዋት ይደርሳል። የኤኤምዲ ራይዘን 5 7600 ላይ 65 ዋት ተጽፎ ታገኛላችሁ፤ ቢበዛ የሚወስደው 88 ነው። ኩለር የሚገዛው በዚህ በከፍተኛው ቁጥር ነው።

እስከ 150 ዋት ድረስ ጥሩ የአየር ኩለር ይበቃል። ለጌምና ለቢሮ ሥራ ከዚያ በላይ ማውጣት ገንዘብ ማባከን ነው ባይ ነኝ። ከ200 ዋት በላይ የሚስብ ፕሮሰሰር ይዛችሁ ለሰዓታት ቪዲዮ ሬንደር የምታደርጉ ከሆነ ግን ባለ 360 ሚሊ ሜትር ራዲያተር (ውሃው በፋን የሚቀዘቅዝበት ክፍል) የውሃ ኩለር ዋጋውን ያወጣል።

ውሃው ሙቀቱን አያጠፋውም፣ ተሸክሞ ራዲያተሩ ጋ ያደርሰዋል እንጂ። ከዚያ የሚወስደው ያው አየር ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ከባሕር ዳርቻ ከተሞች አየር በሩብ ገደማ ይሳሳል፤ ፋኑ በዚያው ፍጥነት እየዞረም የሚያስወጣው ሙቀት ያንሳል። ስለዚህ ዩቲዩብ ላይ የምታዩትን ዲግሪ አትጠብቁ፣ ተረፍ የሚል ኩለር ግዙ። የኬዙ (የኮምፒውተሩ ሳጥን) ፊት በመስታወት የታፈነ ከሆነ ደግሞ የትኛውም አያድናችሁም።

የኬዙን ስፋት ሳትለኩ አትግዙ። ኖክቷ ኤንኤች-ዲ15 ቁመቱ 165 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጠበብ ያለ ኬዝ ውስጥ ከገባ ጎኑ አይዘጋም።

የውሃውን ከመረጣችሁ ዋናው ጣጣ አገጣጠሙ ነው። ውስጡ ሁልጊዜ ትንሽ አየር አለ። ውሃው በዓመታት ውስጥ በቱቦው በኩል ቀስ እያለ ስለሚተን አየሩ እየጨመረ ይሄዳል። አየር ደግሞ ወደ ላይ ነው የሚወጣው፤ ስለዚህ የራዲያተሩ አናት ውሃውን ከሚያዘዋውረው ፓምፕ ከፍ ማለት አለበት። ኬዙ ጣሪያ ላይ ቢታሰር በጣም ጥሩ ነው፣ ፊት ለፊት ከሆነም የላይኛው ጫፉ ከፓምፑ በላይ ይዋል። ወለሉ ላይ ካሰራችሁት አየሩ ፓምፑ ውስጥ ይሰበሰባል፣ ይጮሃል፣ ዕድሜውም ያጥራል።

ዕቃውን ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በሰው ለሚያስመጣ የምመክረው የአየሩን ነው። ፋን ቢበላሽ ፋን ብቻ ይቀየራል። ፓምፕ ከሞተ ሙሉው ይጣላል፣ ዋስትናውም ያለው ባሕር ማዶ ነው።

ስትገጥሙ ከኩለሩ ሥር ያለውን ፕላስቲክ ላጡ፣ ፕሮሰሰሩ ላይ የአተር ፍሬ ያህል ቴርማል ፔስት (ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) አድርጉ፣ ብሎኖቹን በሰያፍ እያፈራረቃችሁ አጥብቁ። ከዚያ ሲኒቤንችን (ፕሮሰሰሩን በሙሉ አቅሙ የሚያሠራ መፈተኛ ፕሮግራም) ለ10 ደቂቃ አሠሩትና ዲግሪውን ተከታተሉ። ራይዘን 5 7600 ፕሮሰሰር 95 ዲግሪ፣ 14900ኬ ደግሞ 100 ዲግሪ ላይ ሲደርሱ ራሳቸውን ያዘገያሉ።