የወንዝና የጎርፍ ተመራማሪ ለመሆን ከየት ይጀመራል?

ጎርፍን መከላከል ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ግድብና የኮንክሪት ግንብ ነው። ሌላም መንገድ አለ። ውሃውን ገና ከላይኛው ተፋሰስ ላይ በዛፍ፣ በረግረግና በግንድ ክትር እያዘገዩ ታች ያለው ሰፈር ላይ በአንዴ እንዳይደርስ ማድረግ ይቻላል።

እንግሊዝ ውስጥ ፒክሪንግ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2007 አራት ጊዜ ጎርፍ ገባባት። በ2009 በተጀመረው ሥራ ከከተማዋ በላይ ባሉ ጅረቶች ላይ ውሃ የሚያሳልፉ ከመቶ በላይ የግንድ ክትሮች ተሠሩ። ትልቅ የውሃ ማቆያም ተጨመረ። በ2015 መጨረሻ አካባቢውን ከባድ ዝናብ ሲመታው ከተማዋ ተረፈች። ታዲያ የክትሮቹ ድርሻ ስንት ነበር? የተመራማሪው ሥራ እዚህ ላይ ይጀምራል።

1. መሠረቱን ያዙ

በመጀመሪያ ዲግሪ ጂኦግራፊ፣ ሲቪል ምህንድስና፣ ጂኦሎጂ ወይም የውሃ ሀብት ብትማሩ ሁሉም ወደ ወንዙ ያደርሳሉ። የማይታለፈው ሒሳብ ነው፤ በተለይ ስታቲስቲክስ። “በመቶ ዓመት አንዴ የሚመጣ ጎርፍ” ማለት በየዓመቱ የመከሰት ዕድሉ 1 በመቶ ነው ማለት እንጂ መቶ ዓመት ጠብቆ ይመጣል ማለት አይደለም። ይህን ለሰው በቀላሉ ማስረዳት መቻል አለባችሁ።

2. ወንዝ ለኩ

ዲግሪ እስክትጨርሱ አትጠብቁ። ትንሽ ጅረት ይበቃል። ቀጥ ብሎ የሚፈስበትን 20 ሜትር ያህል ቦታ ምረጡ። ስፋቱን ለኩ። ከዳር እስከ ዳር አምስት ስድስት ቦታ ላይ ጥልቀቱን በዱላ ለኩና አማካዩን አውጡ። ከዚያ ብርቱካን ውሃው ላይ ጣሉና 20 ሜትሩን በስንት ሰከንድ እንደጨረሰ ያዙ። ደጋግሙት።

ስፋቱ 4 ሜትር፣ አማካይ ጥልቀቱ ግማሽ ሜትር ነው እንበል። ስፋት ሲባዛ በጥልቀት 2 ሜትር ካሬ ይሆናል። ብርቱካኑ በ25 ሰከንድ ከደረሰ ፍጥነቱ በሰከንድ 0.8 ሜትር ነው። ግን ላይ ላዩን ያለው ውሃ ከታችኛው ይፈጥናል፤ ታች ያለውን ጠጠርና ድንጋይ ይይዘዋል። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ በ0.85 ይባዛል። 0.68 ይመጣል። በ2 ስታባዙት 1.36 ሜትር ኩብ፣ ማለትም በሰከንድ 1,360 ሊትር ፍሰት አገኛችሁ።

ውሃው ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር ይህን ከደጋገማችሁ ከፍታውንና ፍሰቱን የሚያገናኝ ግራፍ ይኖራችኋል። ከዚያ ወዲያ ከፍታውን ማንበብ ብቻ ይበቃል። ብዙ የወንዝ መለኪያ ጣቢያዎች የሚሠሩት በዚሁ ዘዴ ነው። ወንዝ ሲሞላ ግን በፍጹም እንዳትገቡ። ጉልበት የማይደርስ ደራሽ ውሃ አዋቂን ሰው ይጥላል።

3. ሶፍትዌር ልመዱ

ለካርታ ኪውጂአይኤስ (QGIS)፣ ለትንተና ፓይተን (Python) ወይም አር (R) የተባሉ የፕሮግራም ቋንቋዎች፣ ለጎርፍ ሞዴል ሄክ-ራስ (HEC-RAS)። ሁሉም በነፃ ይገኛሉ።

4. ጥሩ ጥያቄ ፈልጉ

ማስተርስና ፒኤችዲ ላይ ዋናው ነገር ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ዛፍ ውሃ እንዲሰርግ እንደሚረዳ ይታወቃል። ዌልስ ውስጥ ፖንትብረን በሚባል ቦታ ዛፍ የተተከለበት መሬት ከአጠገቡ ካለው የበግ ግጦሽ እስከ 60 እጥፍ በሚደርስ ፍጥነት ውሃ ሲያሰርግ ተለክቷል። ከባዱ ጥያቄ የሚመጣው ተፋሰሱ ሲሰፋ ነው። በአንድ ሸለቆ ጎልቶ የታየው ውጤት በትልቅ ወንዝ ላይ ሊደበዝዝ ይችላል። እንዲያውም አንዱን ገባር ወንዝ ስታዘገዩት ሙላቱ ከሌላው ገባር ሙላት ጋር ሊገጣጠምና ታች ያለውን ጎርፍ ሊያባብሰው ይችላል። የትኛው ገባር ይዘግይ? የትኛው ቶሎ ይለፍ? እዚህ ላይ ገና ብዙ ሥራ አለ።

ጥናቱን ስትነድፉ ሁለት ተመሳሳይ ትንንሽ ተፋሰሶችን ምረጡ። ሁለቱንም መጀመሪያ እንዳሉ ለኩ። ከዚያ አንዱ ላይ ብቻ ክትር ይሠራ። ክትሩ ካለቀ በኋላ መለካት የጀመረ ሰው “ጎርፉ ቀነሰ” ቢል ከምን አንጻር ቀነሰ?

5. አማካሪና ቦታ ምረጡ

ፒኤችዲ ብዙውን ጊዜ ሦስትና አራት ዓመት ነው። በዚያ ጊዜ ትልቅ ጎርፍ ላይመጣ ይችላል። ስለዚህ አማካሪ የሚሆናችሁን ፕሮፌሰር ስታነጋግሩ ዝናውን ብቻ አትዩ። የስንት ዓመት መረጃ የተሰበሰበበት ቦታ እንዳለው ጠይቁ። የቀድሞ ተማሪዎቹንም አነጋግሩ።

መሬቱ የገበሬ ነው። ሳታስፈቅዱ መለኪያ አትትከሉ። ቁጭ ብላችሁ አዳምጡት፤ ውሃው የት ድረስ እንደሚወጣ ከማንም በላይ ያውቃል። ውጤቱንም ቀድማችሁ ለእሱ አሳዩት።

6. ከዲግሪው በኋላ

ቋሚ የዩኒቨርሲቲ ቦታ ቶሎ አይገኝም። መጀመሪያ የሚመጣው የአንድ ወይም የሁለት ዓመት የምርምር ኮንትራት ነው። በዚህ መሃል ጥናታችሁን አሳትሙ። ክትሩ ለውጥ ካላመጣም አሳትሙት፤ ሌላው ገንዘቡን እዚያው ላይ እንዳያፈስ። ኮንትራቱ ከማለቁ በፊት ደግሞ መለኪያዎቹን ማን እንደሚረከብ ተነጋገሩ። አንዴ የተቋረጠ የወንዝ መዝገብ ተመልሶ አይሞላም።