ሶልዝበሪን ከኮረብታው ጀምሮ ማየት

በደቡብ እንግሊዝ ያለችውን ሶልዝበሪን ለማየት የሚሄድ ሰው ከባቡር እንደወረደ በቀጥታ ወደ ካቴድራሉ ያመራል። ስሕተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ከተማዋ ሌላ ከተማ ጥላ የወጣች ስለሆነች፣ መጀመሪያ መታየት ያለበት የተተወው ቦታ ነው። ከለንደን ዋተርሉ ጣቢያ የሚነሳው ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል፤ በማለዳ ተነሡና ጠዋቱን ለኦልድ ሳረም ስጡት። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኦልድ ሳረም ከከተማዋ በስተሰሜን 3 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ ኮረብታ ነው። አውቶቡስ አለ፤ በእግርም ከአንድ ሰዓት በታች ይደረሳል። ዙሪያውን ያለው የአፈር ግንብና ጥልቅ ቦይ ከክርስቶስ ልደት በፊት የተሠራ ነው። ከሰሜን ፈረንሳይ መጥተው እንግሊዝን የያዙት ኖርማኖች መሀሉ ላይ ምሽግ፣ ከጎኑ ደግሞ ካቴድራል አቆሙ። ካቴድራሉ በ1092 ተባረከ፤ በአምስተኛው ቀን ማዕበል መታው። ዛሬ የቀረው በሣሩ መካከል የሚታየው የመሠረቱ ቅርጽ ብቻ ነው፤ አጠገቡ ስትቆሙ ተራ የድንጋይ መስመር ይመስላል፣ ከከፍታው ቁልቁል ስታዩት ግን የቤተ ክርስቲያኑ ቅርጽ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። እዚያው ሳላችሁ ነፋሱን ልብ በሉ፤ ውኃውንም ፈልጉ፣ አታገኙትም። ካህናቱ ካቴድራሉን ከዚያ ለማዛወር ለሮም ካቀረቡት አቤቱታ ውስጥ ሁለቱም ነበሩበት፤ ከምሽጉ ወታደሮች ጋር የነበረው ጠብ ሦስተኛው ነው። ፈቃዱ ተገኘና ጳጳሱ ሪቻርድ ፑር በ1220 በወንዙ ሸለቆ አዲሱን መሠረት አስጣሉ።

አሁን ውረዱ። ወደ ካቴድራሉ ከመግባታችሁ በፊት ቅጥሩን የከበበውን የድንጋይ አጥር ተመልከቱ። ንጉሥ ኤድዋርድ 3ኛ በ1331 የአሮጌውን ካቴድራል ድንጋይ ለአጥሩ እንዲወስዱ ስለፈቀደ፣ ከለስላሳው ድንጋይ መካከል ያለቦታው የገባ የኖርማን ቅርጻ ቅርጽ ይታያል። ጠዋት ያያችሁት ባዶ ሣር የት እንደገባ የሚመልሰው ይህ አጥር ነው።

ውስጥ ከገባችሁ በኋላ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር የምሰሶዎቹ መጉበጥ ነው። ዋናው ሕንፃ በ1258 ሲባረክ 123 ሜትር የሚደርሰው ሹል ማማ አልነበረም፤ በኋላ ነው የተጨመረው። ሥሩ ያለው መሠረት ጥልቀቱ 1.2 ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን፣ ከላይ የተጫነው ክብደት ደግሞ 6,500 ቶን ገደማ ነው። መሀል ላይ ቆሞ ማንጋጠጥ አይበቃም፤ ምሰሶው ቀጥ ያለ ይመስላል። ማማውን ከተሸከሙት አራት ትልልቅ ምሰሶዎች አንዱን ተጠግታችሁ፣ ዓይናችሁን ከእግሩ ጀምሮ በጠርዙ ወደ ላይ አስሂዱት፤ ያኔ ጉብጠቱ ይታያል። የሕንፃ ነዳፊው ክሪስቶፈር ሬን በ1668 ሲመረምረው ማማው 75 ሴንቲ ሜትር ያህል እንደዘመመ አገኘ። ከጎንና ከጎን የገቡት ደጋፊ ቅስቶች ለጌጥ ሳይሆን ምሰሶዎቹን ለመያዝ የተጨመሩ ናቸው።

በዚያ ቀጭን መሠረት ላይ ሕንፃው እስካሁን የቆመው ሥሩ ያለው ጠጠር ውኃ ስላልተለየው ነው። የውኃውን ከፍታ በዘንግ የሚለኩበት ቀዳዳ ወለሉ ላይ አለ፤ አሳዩኝ ብላችሁ ጠይቁ። ውኃ አጥተው ከኮረብታ የወረዱ ሰዎች ቤታቸውን ውኃ ላይ አቆሙት ማለት ነው።

ከ1386 ገደማ ጀምሮ ያለው ሰዓት በሰሜኑ በኩል ነው። ቁጥር የተጻፈበት ገጽ ስለሌለው ብዙዎች የብረት ቁርጥራጭ መስሏቸው ያልፉታል፤ ሥራው ደወል መምታት ብቻ ነበር። በካህናቱ ጉባኤ ቤት ያለው የ1215 ማግና ካርታ (የእንግሊዝን ንጉሥ ሥልጣን የገደበው ሰነድ)፣ ከቀሩት አራት ቅጂዎች አንዱ፣ በብራና ላይ በላቲን የተጻፈ ነው፤ ፎቶ ማንሳት ክልክል ስለሆነ ስልካችሁን አስቀድማችሁ ክተቱ። እሱን ብቻ አይታችሁ አትውጡ፤ ከግድግዳው ዙሪያ የኦሪት ዘፍጥረትና የዘጸአት ታሪኮች በድንጋይ ተቀርጸዋል።

ማማው ላይ ለመውጣት አስቀድሞ ቦታ መያዝ ያስፈልጋል፤ 332 ደረጃ ነው፣ ጠመዝማዛና ጠባብ። እሑድ በጸሎት ምክንያት ጉብኝቱ ስለሚቆራረጥ ሌላ ቀን ይሻላል። ማክሰኞና ቅዳሜ ከመጣችሁ በ1227 የተፈቀደውን ገበያ ታገኛላችሁ። በጎዳናዎቹ መሀል በአንድ ወቅት የውኃ ቦዮች ይፈሱ ነበር፤ ቆሻሻውም በዚያው ይሄድ ስለነበር ከ1849 ኮሌራ በኋላ ተደፈኑ። ሲደፈኑ ከጭቃው የወጣው ቁልፍ፣ ቢላዋና የጫማ ቅሪት በ1860 ለተቋቋመው የከተማዋ ሙዚየም መነሻ ሆነ፤ ሙዚየሙ አሁን ከካቴድራሉ ፊት ለፊት፣ በቅጥሩ ውስጥ ነው።

ለፎቶ የሚሆነው ቦታ ቅጥሩ ውስጥ አይደለም፤ እዚያ ማማው ለሌንስ በጣም ይቀርባል። ከክዊን ኤልሳቤጥ ጋርደንስ ተነሥታችሁ በመስኩ መሀል ወደ ሃርነም ወፍጮ የሚወስደውን የእግር መንገድ ያዙና ወደኋላ ዙሩ። በእንግሊዝ የብርድ ወራት መስኩ በውኃ ይሞላል፤ ቦት ጫማ ከሌላችሁ ከመንገዱ አትውረዱ።